ከባዱን ቤዝ ጊታር ማቅለል

የሙዚቃ መሣሪያ ለተጫዋቹ፣ ሞፈርና ቀንበር ለገበሬው፣ መላጊያም ለአናጺው እንደሆነ ሁሉ፣ የእንጀራ ማግኛ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የተሠራው በሩቅ አገር ባለ ፋብሪካ፣ ለማንም በማይታወቅ ሰው ትከሻ ተለክቶ ስለሆነ፣ ተሸካሚው ዘንድ ሲደርስ ልኩ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ክራር በክንድ ታቅፎ፣ ማሲንቆ በጉልበት ላይ ዐርፎ ይመታል። በገናን የሚደረድር ሰው ተቀምጦ ይደረድራል። ቤዝ ጊታር ግን ከግራ ትከሻ ላይ በማንገቻ ተንጠልጥሎ፣ ባለቤቱ ቆሞ ሳለ ለሰዓታት ስለሚመታ፣ ክብደቱ የድምፁን ያህል ሊታሰብበት ይገባል።

ካርቲየ 5 ከጅቡቲ ከተማ ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። ፈረንሳዮች ካቀዱት የከተማው መኻል ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚያቀና መንገደኛ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠሩ ሰፈሮችን ያገኛል፤ ይህም ከእነዚያ መካከል ነው። በመንገዱ ላይ ሶማልኛና አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይሰማል፤ አማርኛም ቢሆን ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ ለከተማው እንግዳ ቋንቋ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍና የባሕሩ ርጥበት ስለሚጨመርበት፣ የሰው ወገብ የሚፈታው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ሰርጉም፣ ዘፈኑም፣ ጭፈራውም የሌሊት ሥራ ነው።

በዚህ ሰፈር የሚኖር አንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋች በአንባቢው ሐሳብ ይቁም። ዕድሜው ከአርባ አልፏል። ያለው ጊታር አንድ ነው፤ እርሱም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት፣ ቫርኒሹ የወፈረ፣ እንጨቱ የከበደ፣ በሚዛን ላይ ሲወጣ አምስት ኪሎ የሚመዝን ነው። አምስት ኪሎ በዘንቢል ሲይዙት ብዙ አይደለም፤ የአንድ ትንሽ ሕፃን ክብደት ነው። ነገር ግን ያንን ሕፃን በአንድ ትከሻ ላይ፣ አራት ጣት በማትሞላ ቀጭን ማንገቻ አንጠልጥሎ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት መቆም ሌላ ነገር ነው። ተጫዋቹ ከሰርግ በተመለሰ ማግስት አንገቱን ወደ ግራ ማዞር ይሳነዋል፤ የግራ እጁ ጣቶችም ይደነዝዛሉ። ጣት የደነዘዘበት ባለቤዝ ደግሞ፣ እግሩን እንዳመመው ሯጭ ነው። ጊታሩን ሸጦ ቀላል ይግዛ ቢባል፣ የአሮጌው ዋጋ የአዲሱን አይሸፍንለትም። ከዚህም ሌላ ድምፁን ለምዶታል፤ አብረውት የሚጫወቱትም ለምደውታል። የቀረው ምርጫ መሣሪያውን ማቅለል ነው።

ጊታሩ ለምን ይህን ያህል ከበደ? መልሱ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል፤ የሚያስገርመውም ቤዝ ጊታር ራሱ የተወለደው ሸክም ለማቅለል መሆኑ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ቤዝ ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ እንደ ትልቅ ቫዮሊን ቆሞ የሚመታ ሣጥን ነበር። ፖል ተትማርክ የተባለው የሲያትል ሰው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በእጅ ተይዞ የሚመታ የኤሌክትሪክ ቤዝ የሠራው፣ ባለቤዙ መሣሪያው መኪናውን ስለሚሞላበት ከጓደኞቹ ተለይቶ ለብቻው ሲጓዝ አይቶ ስላዘነለት ነው ተብሎ ይተረካል። የተትማርክ ሥራ ብዙ አልተስፋፋም። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን በተባለችው ከተማ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ግን በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቤዝ ማለት በብዙዎች ዘንድ ያ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ጠፍጣፋ እንጨት ሆነ። በአዲስ አበባ አይቤክስና ሮሃ የተባሉት ባንዶች ሲጫወቱ ጆቫኒ ሪኮ ይዞት የሚታየው፣ በጅቡቲም የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያው ባንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ተቀርጾ በ2020 በወጣው አልበሙ ላይ ከዘፈኑ ሥር የሚያጉረመርመው ይኸው የመሣሪያ ዓይነት ነው።

ፌንደር ሣጥኑን አስቀርቶ በምትኩ ድፍን እንጨት ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ የሶማሌ ዘፋኞች ካባን የሚሉት ዑድም ጭምር ውስጣቸው ባዶ ነው፤ የአውታሩን ትንሽ ድምፅ አጉልቶ የሚያወጣው በውስጣቸው ያለው አየር ነውና። በኤሌክትሪክ መሣሪያ ይህ አያስፈልግም። ከአውታሮቹ ሥር የተቀመጠው፣ ሙዚቀኞች ፒካፕ የሚሉት፣ በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ማግኔት የብረቱን አውታር እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ድምፁን የሚያጎላው ማጉያው ነው። እንዲያውም ባዶ ሣጥን ከኃይለኛ ድምፅ ማጉያ ፊት ለፊት ሲቆም ይጎዳል። ከማጉያው የወጣው ድምፅ ሣጥኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡ በፒካፑ አልፎ ተመልሶ ማጉያው ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ዓይነት ሲዞር ሲዞር አዳራሹን የሚያናጋ ጩኸት ይፈጠራል። ድፍኑ እንጨት የተመረጠው ይህን ጩኸት ስለሚከላከልና ለፋብሪካ ሥራ ስለሚቀል ነው። ክብደቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ቆይተው በክብደቱ ተቸግረዋል። ፌንደር መጀመሪያ አካሉን የሚሠራው አሽ ከተባለው ዛፍ ነበር። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ረግረግ ውስጥ የበቀለው አሽ ቀላል ሲሆን፣ በደረቅና በቀዝቃዛ መሬት የበቀለው ግን ከባድ ነው። ቀላሉ እየጠፋ በመምጣቱ፣ ኩባንያው በ1968 እ.ኤ.አ. አንዱን ጊታሩን ከጀርባ በኩል ፈልፍሎ፣ መልሶ በስስ እንጨት ሸፍኖ ማውጣት ጀመረ። ጊብሰን የተባለው ተወዳዳሪውም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በታወቀው ከባድ ጊታሩ ውስጥ፣ ከውጭ የማይታዩ ቀዳዳዎችን ይበሳ ነበር፤ ገዢው አያያቸውም፣ ትከሻው ግን ያመሰግናቸዋል። ኔድ ስታይንበርገር ደግሞ ከሁሉም ርቆ ሄደ። በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ ባወጣው ቤዝ የጊታሩን ራስ ጨርሶ ቆርጦ ጣለው፣ መቃኛዎቹን ወደ ጅራቱ አዛወራቸው፣ እንጨቱንም በካርቦን ጭረትና በሙጫ ተካው። ሲያዩት የጀልባ መቅዘፊያ ይመስላል። ብዙዎች በመልኩ ቢስቁም የሠሪው አስተሳሰብ ትክክል ነበር፤ ቤዝን የሚያስቸግረው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ያለበት ቦታም መሆኑን ተረድቷልና።

ቀላል ቤዝ ማለት ደካማ ቤዝ ማለት ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። እንጨቱ ሲከብድ ድምፁ ይረዝማል፣ ይወፍራልም ይላሉ። ክርክሩ በባለሙያዎች መካከል ዛሬም አላለቀም። ሆኖም ፖል ማካርትኒ በ1961 እ.ኤ.አ. በሃምቡርግ የገዛው የሆፍነር ቤዝ ባዶ ሣጥን ነበር፤ የዚህ ዓይነት ቤዝ የሚመዝነው ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ያ መሣሪያ በ1972 ተሰርቆ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተገኝቶ ለባለቤቱ መመለሱ በ2024 ሲነገር፣ ድምፁ ቀጭን ነበርና ባይገኝ ይሻል ነበር ያለ ሰው አልተሰማም። አድማጭ የሚሰማውን ድምፅ በይበልጥ የሚወስኑት የአውታሩ ዓይነት፣ ፒካፑና የተጫዋቹ ጣቶች ናቸው።

ወደ ካርቲየ 5ቱ ሰው እንመለስ ቢባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ካቻቢቴና ሚዛን እንጂ መጋዝ አይደለም። ጊታሩን ፈታቶ እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻው ይመዝናል። ለዚህም የባለሱቅ ሚዛን ይበቃዋል። በጊታሩ ራስ ላይ ያሉት የቀድሞ ዓይነት መቃኛዎች እያንዳንዳቸው ወደ 100 ግራም ይጠጋሉ። ዛሬ በአሉሚኒየም የሚሠሩት ቀላሎቹ ደግሞ ከ60 ግራም ብዙም አይርቁም። አራቱ ሲለወጡ 160 ግራም ያህል ይቀነሳል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ በሰውነት ላይ ግን ትልቅ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በፊዚክስ ትምህርት ስለ መፈንቅል የተነገረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። የማንገቻው የፊት መያዣ የሚገኘው በአንገቱ አጋማሽ አቅራቢያ ነው፤ መቃኛዎቹ ከዚያ ግማሽ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ከመደገፊያው የራቀ ክብደት ጉልበቱ በርቀቱ ልክ ይባዛል። ራሱ የከበደ ቤዝ እጅ ሲለቀው ወደ መሬት ይደፋል፤ ተጫዋቹም ዜማውን ሊይዝበት በሚገባው ግራ እጁ ሌሊቱን ሙሉ አንገቱን ደግፎ ይይዛል። የጣቶቹ መደንዘዝ ከትከሻው ብቻ ሳይሆን ከዚህም የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ብረት አውታሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ ነው፤ በበገና በርኩማ የሚባለውን ቦታ የሚይዘው ማለት ነው። በነሐስ የተሠራ ወፍራም ድልድይ ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። በቀጭን ብረት የታጠፈው የጥንቱ ዓይነት ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ድልድዩ ከማንገቻው መያዣ በስተጅራት በኩል ስለሆነ፣ ለራሱ ክብደት ማመዛዘኛ ሆኖ ያገለግላል። ራሱን ሳያቀሉ ድልድዩን ብቻ ያቀለሉ እንደሆነ፣ ጠቅላላው ክብደት ቢቀንስም መሣሪያው ይበልጥ ወደ ፊት ይደፋል። ስለዚህ መቃኛዎቹ ይቀድማሉ። 160 ግራም ከራሱ፣ 200 ግራም ከድልድዩ ቢወጣ፣ ሁለቱ ወገኖች ከሞላ ጎደል ተመጣጥነው ይቀራሉ። ሙዚቀኛውም እስከዚህ ድረስ አንድም እንጨት አልነካም፤ ባይወደው ማታውኑ ብሎኖቹን ፈትቶ ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል።

ማንገቻውንም መለወጥ አለበት። ስምንት ወይም ዐሥር ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቆዳ ማንገቻ ከክብደቱ አንድ ግራም አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምርበታል፤ ነገር ግን ያንኑ ክብደት በሰፊ ቦታ ስለሚያሳርፈው ትከሻው ላይ አይሰምርም። ከሁሉም የሚረክሰው መፍትሔ ይህ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ግን በመጨረሻ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው እንጨቱ ነው። አስጨናቂው ክፍልም ይህ ነው። ተጫዋቹ ጊታሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በር፣ መስኮትና ሣጥን ከሚሠራ የሰፈር አናጺ ዘንድ ይዞ ይሄዳል። አናጺው ጊታር ሠርቶ ባያውቅም እንጨት ያውቃል።

«ጋሼ፣ ከጀርባው ግማሽ ሴንቲ ሜትር በመላጊያ ቢነሣልኝ ይቀላል ብዬ ነበር» ይላል ሙዚቀኛው።

ሽማግሌው መሣሪያውን አገላብጦ ያያል፤ በጣቱም ይቆረቁረዋል። «ልጄ፣ መላግ ቀላል ነው። ከፊት የተቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ ለክተሃል?»

አልለካም። ሲለኩት ነገሩ ይገለጣል። የጊታሩ አካል ውፍረት አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ የተቀበሩበት ጉድጓድ ግን ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከሥሩ የቀረው እንጨት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። መላጊያው እንደታሰበው ቢሄድ ኖሮ ጀርባው ይቀደድ ነበር። አንገቱን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖችም እንጨቱ በሳሳው ልክ ወደ ውስጥ ጠልቀው የጣት መንገዱን ከሥር ይወጉት ነበር። የሃምሳ ዓመት ዕቃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከጥቅም ውጭ ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ አራት አፍ የሚጠብቀውን እንጀራ በምን ያመጣዋል?

አናጺው የሚመርጠው መንገድ ሌላ ነው። በዚህ ዓይነት ቤዝ ፊት ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ሲነሣ ከሥሩ ያለው እንጨት ዓይን የማያየው፣ ብረት የማይታሰርበት ነው፤ መብሳት የሚቻለው እዚያ ነው። አንድ ክብ ጉድጓድ ስፋቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚወጣው እንጨት 21 ኩብ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከባዱ አሽ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 0.65 ግራም ይመዝናል ቢባል፣ ከአንድ ጉድጓድ 14 ግራም ገደማ ይገኛል። ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ ተበስቶ የሚገኘው ትርፍ ታዲያ 165 ግራም ብቻ ነው። ያን ያህል ቆሻሻ ከወለሉ ላይ ጠርጎ፣ ይህን ያህል ብቻ ማግኘት ያሳዝናል። ከመቃኛዎቹ የተገኘው ያለ አንዳች ጉዳት ይህንኑ ያህል ነበርና። ሁሉም ተደምሮ ግን አምስት ኪሎ የነበረው አራት ኪሎ ተኩል ሊሆን ይችላል።

የማይነኩ ቦታዎች አሉ። አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ዙሪያ፣ የድልድዩ ብሎኖች የሚያዙበት፣ ማንገቻው የሚታሰርበት ሁለቱ ጫፍ፣ እነዚህ ድፍን ሆነው መቅረት አለባቸው። የአራቱ አውታሮች ስበት አንድ ላይ ሲደመር ከሰባ ኪሎ ያላነሰ ክብደት እንደመሸከም ነው፤ ያን ኃይል ተቋቁሞ የሚይዘው በአንገቱና በድልድዩ መካከል ያለው የመኻሉ እንጨት ነው። ጉድጓዶቹ ሁሉ በሁለቱ ጎኖች ይሁኑ። በአንዱና በሌላው መካከልም የጣት ውፍረት ያህል እንጨት ይተው። የመሰርሰሪያው ጫፍ ጀርባውን እንዳይበሳ በሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ይደረግበታል። ፒካፑ ከአካባቢው ይነሣል፤ የመሰርሰሪያው ብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ማጽዳቱ ከባድ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ደግሞ አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል፤ የአሮጌው ቫርኒሽ ዱቄት ለሳንባ መጥፎ ነው።

ለጅቡቲ አየር ልዩ የሆነ አንድ ሥራ ይጨመራል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት አፉ ክፍት ነው፤ የባሕሩን ርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የየጉድጓዱ ውስጥ በስሱ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ በደንብ እስኪደርቅም ሽፋኑ አይመለስም። ከላይ ተጨማሪ ስስ እንጨት የሚለጠፍ ከሆነም፣ ተራው ነጭ ኮላ በተዘጋ መኪና ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣራ ሥር በሚፈጠረው ሙቀት ሊለሰልስ ስለሚችል፣ ሁለት ዓይነት ተደባልቆ የሚጠነክረው ኤፖክሲ ይሻላል። ጨዋማው አየር ብረትን ሁሉ ይበላልና አዲሶቹ መቃኛዎችም ከየሰርጉ ማግስት በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋሉ።

አካሉን ጨርሶ በሌላ ቀላል እንጨት መተካትም ይቻላል። ጃፓኖች ኮቶ የተባለውን ባህላዊ መሣሪያቸውን የሚሠሩበት የፖሎኒያ ዛፍ ክብደቱ ከከባዱ አሽ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ዛሬ የቤዝ አካል ይሠራበታል። በኢትዮጵያ የከበሮ ግንድ የሚፈለፈልበት ዋንዛም ለቢላዋና ለመሮ የሚታዘዝ እንጨት ነው። ነገር ግን አንድ ወገን ሲቀል ሌላው መክበዱ አይቀርም፤ አካሉ ላባ ሆኖ ራሱ ብረት እንደተሸከመ ከቀረ፣ መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ወደ መሬት ሲሰግድ ያድራል።

ሥራው ሲያበቃ አውታሮቹ ተመልሰው ይወጠራሉ፤ ጊታሩም ወዲያው ወደ ሰርግ አይሄድም። ሁለት ሦስት ቀን ተወጥሮ ይቆይና አንገቱ መቅናቱ፣ ቅኝቱም መጽናቱ ይታያል። ከዚያም ሙዚቀኛው በአዲሱ ማንገቻ አንግቶ ይቆማል፤ ሁለቱንም እጆቹን ይለቃል። ራሱ ዝቅ ካለ ከጅራቱ በኩል የተነሣው ብረት በዝቷል ማለት ነው፤ ባለበት ከቆመ ደኅና ነው። ቀጥሎ ማጉያውን ከፍቶ በኃይል ይመታል፤ ጉድጓዶቹ ከሽፋኑ ጋር ተነካክተው የሚንጫጩ ከሆነ፣ በመካከሉ ስስ ስፖንጅ ይደረጋል።

የወለቁት አራቱ አሮጌ መቃኛዎችና የነሐሱ ድልድይ አይጣሉም። ከነብሎኖቻቸው ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ የየትኛው አውታር እንደሆኑ ተጽፎባቸው በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ጊታሩ አንድ ቀን ሊሸጥ ቢወጣ፣ ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እነርሱ ነው።